አንድ መስመር ተኩል

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሱቁ ለገበያተኛ ሳይከፈት፣ የአዲሱ ባለቤት ልጅ ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ የስፌት ክፍሉ በር ከማጠፊያው ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሁለት ተሸካሚዎች ትልቁን የመቁረጫ ጠረጴዛ በጎኑ አጋድመው ለማውጣት ይታገላሉ።

«ወደ ግራ በለው!»

«የማን ግራ? ያንተ ወይስ የኔ?»

«የጠረጴዛው!»

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ነበር የወጣችው። ሦስት ሳምንት ሌላ ከተማ ሌላ ሱቅ ስታይ ከርማ መመለሷ ነው። በሆዷ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዛ መጥታለች፤ ልብስ ሰፊውን «አለፈ፤ ከእንግዲህ ከዚህ ክፍል የሚያነቃንቅህ የለም» ልትለው። መንገዱን ሁሉ ስትለማመደው፣ እሱ እንደ ልማዱ ስፒሎቹን ከከንፈሩ ሳያወጣ በዓይኑ ብቻ ሲስቅ ይታያት ነበር።

ልብስ ሰፊው መስኮቱ ሥር ተንበርክኳል። መቀሶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠቀለለ ሳጥን ውስጥ ይደረድራል። ቀና ብሎ አያት። አልሳቀም።

«ምንድነው ይሄ?» አለች። «ማነው ያዘዘው?»

«እርስዎ ነዎታ» አላት።

ነገሩ ከሥሩ ካልተነገረ አይገባም። አባቷ ጃንጥላና የጫማ ቀለም ከሚሸጥባት አንዲት በር ተነስቶ ዛሬ አሥራ አንድ መደብር ያለው ሰው ነው። ከመጀመሪያዋ በቀር አንዱንም ራሱ አላቋቋመም። ሁሉንም የገዛው ከነሰዉ፣ ከነመደርደሪያው፣ ከነስሙ ነው። ባለቤቱ ያረጀ ወይም ወራሾቹ የተጣሉ ሱቅ መኖሩን ሲሰማ እንደ ዘመድ ጠያቂ ይሄዳል፤ ቁጭ ብሎ ይጫወታል፤ ብድግ ሲል ሱቁ የሱ ሆኗል። ሠራተኛ አያባርርም፤ በዚህ ይኮራል። ግን አንድ ሕግ አለው፣ ልጆቹ ከሀ ሁ እኩል የተማሩት፤ «ቤት ስትገዛ መጀመሪያ ምሰሶውን ፈልግ። ምሰሶውን ነቅለህ ሌላው ቤትህ ውስጥ ትከለው። ያኔ ሁለቱም ቤት ያንተ ይሆናል።»

በየሱቁ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ደንበኛው እሱን ብሎ ይመጣል፤ ሠራተኛው የተኳረፈ እንደሆነ እሱ ጋ ይታረቃል፤ ባለቤቱ እንኳ ፊቱን ሳያይ ነገር አይወስንም። ቤተሰቡ ይህን ሰው «ምሰሶ» ይለዋል። ርክክቡ ባለቀ በሳምንቱ ምሰሶው ሹመትና ወፍራም ደመወዝ ይሰጠውና ሩቅ ወዳለ ቅርንጫፍ ይላካል። የቀሩት ዞር ብለው የሚያዩት ሰው ሲያጡ ወደ አዲሱ ባለቤት ማየት ይጀምራሉ። ማንም አልተበደለም። ማንም ግን ያው ሆኖ አይቀርም።

ምሰሶውን ፈልጋ የምታገኘው እሷ ናት። ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ተምራለች፤ አባቷ የሚፈልገው ግን ዓይኗን ነው። «ርክክቡን የምታግዝ» ተብላ ስድስት ሳምንት ሱቁ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ስለ እያንዳንዱ ሠራተኛ ትጽፋለች፤ በመጨረሻው ገጽ «ምሰሶው እገሌ ነው» ትላለች። በሰባት ሱቅ አልተሳሳተችም።

በስምንተኛው፣ በዚህኛው፣ ለማወቅ ሦስት ቀን ብቻ ፈጀባት። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሜትር አንገቱ ላይ፣ ጠመኔ ጆሮው ላይ። አንድ ጎባጣ ሰውዬ ኮት ሲያስለካ፣ «ይሄ ትከሻ የርስዎ አይደለም፤ የአለቃዎን ትከሻ ይዘው ነው የመጡት፤ ያውርዱት እስቲ» ሲለው ሰማች። ሰውየው ሳቀና ቀጥ አለ። ሻጮቹ ሲጣሉ የሚካሰሱት እሱ ጋ ነበር። ሱቁን የምታስረክበው ባለሱቋ አሮጊትም የመስታወቱን ማሳያ ቀለም ከማስቀየሯ በፊት «እስቲ ሰፊው ምን ይላል?» ብላ ሰው ልካ ነበር።

ምሰሶውን አገኘሁ ብላ ደስ አላት። ደስታዋ የቆየው እስከ አርብ ነው። አርብ የራሷን ካፖርት እጅጌ ልታሳጥር ወጣች፤ እሱም ከኋላዋ ቆሞ በመስታወቱ ውስጥ አያትና፣ «እጅዎ አጭር ሆኖ አይደለም፤ ካፖርቱ ነው ውሸታሙ» አላት። አንዳንድ ሰው በቀጥታ ሲያይህ ምንም አይሰማህም፤ በመስታወት ሲያይህ ግን መደበቂያ ታጣለህ። ካፖርቱን ስትቀበል ገበሩ ላይ በስፒል የተሰካ ቁራጭ ወረቀት አገኘች፤ «ውሸታሙን መክሬዋለሁ» ይላል። እሷም መልሷን ባላለቀ ኮት ገበር ላይ ሰክታ ሄደች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ባላለቁ ኮቶች ሆድ ውስጥ ወረቀት መላላክ ሆነ። ደንበኛ ገበሩን ገልጦ እንዳያይ ስትሮጥ ስንት ጊዜ ደረጃ ላይ ተደናቅፋለች! በአራተኛው ሳምንት ወረቀቶቹ ረዘሙ። በአምስተኛው፣ ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ እነሱ አይወጡም ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ለአባቷ መጻፍ ነበረባት።

እውነቱን ብትጽፍ፣ በሳምንቱ የዘጠኝ ሰዓት መንገድ ርቆ ይላክባታል። እናም ስለሱ ይህን ጻፈች፤ «ልብስ ሰፊ። ሠላሳ አራት ዓመት። ሥራው ደህና ነው፤ ቢኖርም ባይኖርም ለሱቁ ለውጥ የለውም።» አንድ መስመር ተኩል። በምሰሶው ቦታ ደግሞ የእትዬ መርፌን ስም አስገባች።

እትዬ መርፌ ምድር ቤት ክርና ዚፕ የምትሸጥ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ስሙ የወጣላት ከምትሸጠው ይልቅ ስለ ምላሷ ነው። የሰፊው አክስት ናት፤ እናቱ ስትሞትበት ያሳደገችው። ልጅቷ ይህን ታውቃለች። «ጉልበቷን ያማታል፤ እምቢ ትልና ጡረታዋን በክብር ትወጣለች» ብላ አሰላች። ስሌቷ ላይ ያላስገባችው ነገር ቢኖር እትዬ መርፌ ራሷን ነው። ሹመቱ ሲነገራት ባንኮኒው ላይ ተደግፋ፣ «በሃምሳ ስምንት ዓመቴ! ዓይናቸው ገና ዛሬ በራ!» አለችና በሁለት ቀን ሻንጣዋን አሰናድታ ሄደች።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ግን መጣሏን እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ አላወቀችም።

«እኔ? እኔ መቼ...» አለች አሁን።

ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ፎቶ ኮፒ ነው። «አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ነው የሰጠኝ። እዚህ የሻንጣ ክፍል ሊገባ ነው። ለምን ስለው፣ "ቂም የያዝኩብህ እንዳይመስልህ፤ እኔ እንደ ተጻፈው ነው" አለኝ። ደግ ሰው ነው።» ወረቀቱን ዘረጋ። ጽሕፈቱ የማን ነው ብሎ መጠየቅ አላስፈለገውም። በዚያው እጅ የተጻፈ ሃያ ሁለት ወረቀት ቤቱ አለው።

ጮክ ብሎ አነበበው። ተሸካሚዎቹ ጠረጴዛውን እንደታቀፉ ቆሙ። ሁለት ሻጮች ደረጃው አፋፍ ላይ ብቅ አሉ።

«"ቢኖርም ባይኖርም።" ቆንጆ አጻጻፍ ነው። በኔ ላይ ብዙ ቀለም አልባከነም።»

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ለአንተ ብዬ አባቴን ዋሸሁት፤ አራት አምስት ቃል ነው። ግን አራት ሰው እያዳመጠ ነው፤ የተናገረችው ምሳ ሳይደርስ አባቷ ጆሮ ይገባል። አመነታች። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ። ያቺን ትንፋሽ እሱ አየባት።

«ለብቻችን ልንገርህ» አለች።

«ለብቻችንማ ብዙ ነግረውኛል» አላት። «ለየትኛው ሱቅ ጥናት እንደሆነ ነው ሳልጠይቅ የቀረሁት።»

ሳጥኑን ብድግ አደረገ። አንደኛው ተሸካሚ ጠረጴዛውን ለጓደኛው ጥሎ፣ «ኧረ እኔ ልያዝልህ፣ ወንድሜ» ሲለው ራሱን ነቀነቀና ወረደ። የእግሩ ድምፅ እስከ ምድር ቤት ተሰማት። ከሁሉ ያንገበገባት «እርስዎ» ያላት ነበር። ከ«እርስዎ» ተነስተው «አንቺ» ለመድረስ ስድስት ሳምንት የሄዱትን መንገድ እሱ በአንድ ቃል ተመልሶበት ሄደ፤ እሷን መንገዱ ጫፍ ላይ ብቻዋን አቁሞ።

*

ማክሰኞ ማክሰኞ ምሳ አባቷ ቤት ነው። ማንም አይቀርም፤ ማንም አያረፍድም። ታላቅ ወንድሟ ሾርባውን ገና ሳይቀምስ ጀመራት።

«ስሚ እንጂ፣ ምን ዓይነት ምሰሶ ነው የሰጠሽን? ከሩቁ ቅርንጫፍ ደውለው ነበር። ሥራ አስኪያጅ ብለን የላክናት ሴትዮ መጋዘን ገብታ በሩን ቆልፋ ታለቅሳለች አሉ። ስልሳ ሠራተኛ ደጅ ቆሞ! አንዷ ሻጭ አንኳኩታ "እማማ፣ ምን ሆኑ?" ስትላት፣ "ቆጠራ ላይ ነኝ" አለቻት አሉ።» ሳቀ። «ምሰሶ ሳይሆን ሸምበቆ ነው የሰጠሽን።»

እሷ አልሳቀችም። ያ ምላሷ ከመርፌ የሚሾል ሴት፣ ማንም በማያውቃት አገር፣ ከካርቶን መሐል ተቀምጣ ታየቻት።

«ወንድም ጋሼ፣ ተው» አለች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ዋሽቻለሁ።»

አባቷ ብርቱካን ይልጥ ነበር። ልጣጩ ሳይበጠስ አንድ ወጥ ሆኖ እስኪወርድ አይናገርም፤ ልማዱ ነው። ጠበቁት። ልጣጩ ሳህኑ ላይ ተጠቅልሎ ወደቀ።

«ቀጥዪ።»

«ምሰሶዋ እሷ አይደለችም። ሰፊው ነው። እንዳትወስደው ብዬ ነው።»

«በለው!» አለ ወንድሟ። «አንቺ አሥራ ሁለተኛውን ቅርንጫፍ ብቻሽን ከፍተሻል በይኛ! የፍቅሩን!»

አባቷ በዓይኑ ዝም አሰኘው። «አውቃለሁ» አላት።

«ምኑን?»

«ሰፊው መሆኑን። ስለ ጽዳት ሠራተኛዋ ስምንት መስመር ጻፍሽ፤ በር ላይ ስለሚቆመው ዘበኛ ሙሉ ገጽ፤ ጥርሱ ስንት እንደሆነ ብቻ ነው የቀረሽ። ስለዚያ ሰው አንድ መስመር ተኩል። ልጄ፣ ሰው የሚያሳጥረው የሚደብቀውን ነው።»

«ካወቅክ ክፍሉን ለምን አዘጋህበት?»

«እኔ አላዘጋሁም። አንቺ ነሽ። በወረቀትሽ ሰባት ሱቅ ተረክቤያለሁ። ይቺ ሐሰት ናት ብል፣ ያኛዋስ ምን ነበረች ሊባል ነው። ራስሽ መጥተሽ እስክትነግሪኝ ጠበቅኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብሽ።»

«ሦስት ሳምንት! ሴትዮዋ እዚያ እያለቀሰች?»

«እሷን እዚያ ያስቀመጣት ማን ሆነና?»

በየትኛውም ሱቅ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምታው አታውቅም። አሁንም ዝግ አድርጎ፣ የብርቱካኑን አንድ ክፋይ ለሷ፣ አንዱን ለወንድሟ እያደለ ነው የሚናገረው።

«ይስተካከላል። ሰፊው ሩቁን ቅርንጫፍ ይረከባል። ሴትዮዋ በስህተት ነው ተብሎ ወደ ባንኮኒዋ ትመለሳለች።»

«እዚሁ ይሁን፣ አባዬ። እባክህ። ክፍሉን መልስለትና እዚሁ ይሁን።»

«ተነቅሎ እዚያው የሚተከል ምሰሶ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ብንጋባስ?»

ወንድሟ ትን አለው። አባቷ ግን ለረጅም ጊዜ አያት፤ እንደ ልጅ ሳይሆን ገና ዋጋው እንዳልተነገረ ዕቃ።

«አልከለክልሽም» አላት። «ግን የኔ አማች ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የደንበኛ ሱሪ አይለካም። ያን ቀን መቀሱን ያስቀምጣል። ንገሪውና እሺ ካለ ይምጣ።»

የሰጣትን ክፋይ በእጇ ይዛ ቀረች። ጭማቂው በጣቶቿ መሐል ወረደ። አባቷን ልትጠላው ሞከረች፤ ግን ያደረገው ሁሉ እሷ ጽፋ የሰጠችውን ወይም ከሱ የተማረችውን ነበር፤ ጥላቻዋ ማረፊያ አጥቶ ወደ ራሷ ተመለሰ።

*

የሹመቱን ደብዳቤ ራሷ ይዛው ሄደች። ሰፊው ከአክስቱ ጋር ይኖርባት የነበረችው ቤት ከአንድ ረጅም ግቢ ጥግ ነው፤ ሁለት ጠባብ ክፍል፣ መስኮቷ ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ የምታይ። ያላለቁ ኮቶችን ከሱቅ አምጥቶ በምስማር በምስማር ሰቅሏቸዋል። ሰባት ናቸው፤ አንዳንዱ እጅጌ የለውም። ሰባት ሰው ግድግዳውን ተደግፎ የሚያዳምጥ ይመስላል።

«ይግቡ» አላት። መቀመጫ አልሰጣትም፤ ስፒሎቹን ከንፈሩ ላይ ደርድሮ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ቆማ ነገረችው። ሕጉን፣ ምሰሶውን፣ አንድ መስመር ተኩሉን፣ የአክስቱን ስም ለምን እንዳስገባች። ዩኒቨርሲቲ ጥናት ስታቀርብ እንደለመደችው በቅደም ተከተል ልትናገር ፈልጋ ነበር፤ ግን አባቷ ያላትንና ወንድሟ የሳቀውን አቀላቅላ፣ መሐል ላይ እያለቀሰች፣ ማልቀሷ እያናደዳት ተናገረችው። እሱ ጣልቃ አልገባባትም። ስትጨርስ ከከንፈሩ ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

«አምንሻለሁ» አላት።

«አንቺ» ብሏት ነበር። ልቧ ዘለለ።

«ታምነኛለህ?»

«አምንሻለሁ። መከራው እሱ ነው። ንቀሽኝ ጽፈሽው ቢሆን ተሳድቤ፣ ጠጥቼ፣ እድን ነበር። አንቺ ግን ወደሽኝ ነው። ወደሽኝ አክስቴን አሽጎ እንደሚላክ ዕቃ ላክሻት።»

«እምቢ ትላለች ብዬ እኮ ነው!»

«እምቢ? አርባ ዓመት ምድር ቤት ስትቀመጥ አንድ ሰው "እስቲ ነይ፣ ትፈለጊያለሽ" ብሏት አያውቅም። እንኳን ዘጠኝ ሰዓት፣ በእግርሽ ሂጂ ቢሏት ትሄድ ነበር።» ድምፁ ተሰበረ፤ ጠግኖ ቀጠለ። «ቅዳሜ ደወለችልኝ። "ሥራው እንዴት ነው?" ስላት፣ "ኧረ ይፈሩኛል!" አለች። ስታለቅስ እንደቆየች አፍንጫዋ ያስታውቅባታል።»

«ብነግርህ ትሄድብኝ ነበር።»

«እሄድ ይሆናል። ላልሄድም እችል ነበር፤ የስፌት መኪናዬን በረንዳ ላይ ዘርግቼ ቁልፍ እተክል ነበር። ግን የኔ ውሳኔ ይሆን ነበር። እኔ የማላውቀውን ሰው ጨርቅ እንኳ ባለቤቱን አስቁሜ ሳልለካ አልቆርጥም። አንቺ እኔን፣ አክስቴን፣ ራስሽንም፣ ሦስት ሰው ባንዴ ቆረጥሽ፤ ማናችንንም "እስቲ ቁሙ" ሳትዪ።»

«አግባኝ» አለችው።

ከየት እንደመጣ ራሷም አላወቀችም።

«አባትሽ ምን አለ?»

አልዋሸችውም፤ ከዚህ በኋላ ሊዋሽ የሚችል ነገር አልቀራትም። «ትጋቡ፣ ግን መቀሱን ያስቀምጥ፣ አለ።»

ከማክሰኞ ጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ልሥራ? መስታወቱ ውስጥ ከአሻንጉሊቶቹ ጎን ልቁም? ዋጋዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥላችሁ?»

እሷም ሳቀች። ሳቃቸው አንድ ላይ ተነሳ፤ ባላለቁት ኮቶች መሐል እንደነበረው ጊዜ ለአፍታ ሞቀ። ቀድሞ ያቆመው እሱ ነበር።

ደብዳቤውን ከእጇ ወሰደና አነበበ። አንዲት ሐረግ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «"በስህተት የተዛወሩት ባልደረባ" የሚለው ይውጣ።»

«እሺ ወደ ባንኮኒዋ በምን ትመለስ?»

«አትመለስም። ሹመቱ የሷ ነው። እኔ በሥሯ እገባለሁ። ስልሳውንም ሰው፣ መጋዘኑንም፣ ሁሉንም እይዘዋለሁ፤ እሷ ወንበሯ ላይ ሆና ታዘኛለች፣ ትሰድበኛለች። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀራት። ሁለት ዓመት አለቃ ሆና ትወጣለች። ያንን ወረቀት በሐሰት እንደጻፍሽው እስክትሞት አትሰማም። አባትሽን ይሄን አሳምኚልኝ። ሌላ ከአንቺ የምፈልገው የለም።»

«አሳምነዋለሁ» አለች። «ሁለት ዓመት እጠብቅሃለሁ። በየሳምንቱ እጽፍልሃለሁ።»

«አትጻፊልኝ።»

«ለምን?»

ወደ መስኮቱ ዞረ። ገመዱ ላይ የጎረቤት አንሶላ ይውለበለባል።

«ከእንግዲህ የጻፍሽውን ማንበብ አልችልም። ባጭሩ ብትጽፊልኝ ምን እየደበቀች ነው እላለሁ። ብታስረዝሚው ማንን ልታስነቅል ነው እላለሁ። "ናፍቀኸኛል" ብትዪኝ ከሥሩ ሌላ መስመር ስፈልግ ሌሊቱ ይነጋብኛል። እንደዚያ እየሆንኩ ከማነብሽ፣ ባላነብሽ ይሻላል።»

«እንግዲያው በአፌ ልንገርህ። ያለ ወረቀት። እወድሃለሁ።»

ዞሮ አያት። እዚያ ቤት መስታወት አልነበረም፤ ፊት ለፊት ነበር ያያት። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሊከፈት እንደፈለገ፣ ከውስጥ ተገፍቶ እንደተመለሰ አየች። የሰባት ሱቅ ሰው ሁሉ ያነበበች ዓይኗ ያን ፊትም ማንበብ አላቃታትም፤ ቢያቅታት ነበር የሚሻላት።

«ሰማሁሽ» አላት።

ስፒሎቹን መልሶ ከንፈሩ ላይ አደረገና እጅጌ የሌለውን ኮት ከምስማሩ አወረደ። አፉ በስፒል ተሞልቶ እንኳን ሊስማት፣ ሊያናግራትም አይችልም። ይህን እሱም እንደሚያውቅ በሩን ስትዘጋ ገባት፤ ለዚያ ብሎ ነው ያደረጋቸው።

*

አባቷ ሁሉን እሺ አለ። «ለሱቁ የሚበጅ ነው» አለ፤ ለሱ ከዚህ የበለጠ ምርቃት የለም።

ሰፊው ሐሙስ ሄደ። አውቶቡስ ተራ እንዳትመጣ ስለለመናት አልሄደችም። አርብ ጠዋት ሱቅ ገብታ የቢሮዋን ወንበር ሳትስብ፣ ሦስተኛ ፎቅ ሻንጣ የምትደረድረው ትንሿ ሻጭ በሩን ገፋ አድርጋ አንገቷን አስገባች። ከኋላዋ ሌሎች አሉ፤ ትንፋሻቸው ይሰማል። ከመካከላቸው ደፋሯን መርጠው ልከው ነው።

«እህቴ፣ ይቅርታ... ሰፊያችን በሰላም ገባ ይሆን? ስልኩ ለኛ እምቢ አለን። ላንቺ ሳይደውል አይቀርም ብለን ነው።»

ሻጯ ምንም ክፋት አልነበራትም። ዓይኗ ፍጥጥ ብሎ ይጠብቃል። በሩ ስንጥቅ ላይ ሌሎች ሦስት ዓይኖች ይጠብቃሉ።

«ደህና ገብቷል» አለች።

«እውነት? ምን አለ?»

«ሰላም በይልኝ አለ። ሁላችሁንም።»

«እልልል!» አለች ሻጯ ወደ ኋላዋ ዞራ። «ደህና ገብቷል! ሰላም ብሏችኋል!»

ደረጃው ላይ የሴት ጫማ ሲንጋጋ ተሰማ። ወሬው ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ክር የሚሸጡት ተቀባበሉት፤ ዘበኛው በሩ ላይ ሆኖ «እኔንም ጠርቶኛል?» ብሎ ሲጮህ፣ አንዷ «አንተንማ ለይቶ!» አለችው። ሁሉም ሳቁ። ሱቁ ከሽያጩ ቀን ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም።

እሷ የጠረጴዛውን ጫፍ ይዛ አዳመጠች። የፈጠረችው ወሬ እየሞቀ፣ እየጨመረ፣ «ዛሬ ማታም እደውላለሁ ብሏል» የሚል ተቀጥሎበት ተመልሶ ወደ ላይ ወጣና በሯ ሥር አለፈ። አንድ ጊዜ እሷም እንደ ሌላው አመነችው፤ ተነስታ «ምን ሰዓት?» ልትል አፏን ከፈተች።

ከዚያ ማን እንደተናገረው ትዝ አላት፤ ተቀመጠች።